ጸጉር ማስረዘም ሕግ ያስለውጣል ወይ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ከነባሩ ባህል ያፈነገጡ የተቃውሞ ንቅናቄዎች እውነተኛ ማኅበራዊ ለውጥ ያመጣሉ» የሚል ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች አስቀድመው በአንድ መለኪያ ተስማምተዋል፦ ለውጥ የሚባለው ሰልፈኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላም ጸንቶ የሚገኝ ነገር ነው። ሕግ፣ ደመወዝ፣ መብት፣ ወይም ሊሠራ ታስቦ የቀረ ግንባታ ሊሆን ይችላል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቃዋሚ፦ ሜይ 1968 ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው የፓሪስ ተማሪዎች ከመንገድ የነቀሉትን ድንጋይና በየግድግዳው የጻፉትን መፈክር ነው። መንግሥትን ለድርድር ያስቀመጠው ግን ሥራ ያቆመው ሠራተኛ ነው። ሚሊዮኖች ፋብሪካውንና ባቡሩን ቀጥ ሲያደርጉት ግሬኔል በሚባለው የፓሪስ ጎዳና ድርድር ተከፈተ፤ ዝቅተኛው ደመወዝ በ35 በመቶ፣ ሌላው ደመወዝም በ10 በመቶ ገደማ እንዲያድግ ስምምነት ተደረሰ። የተደራደሩት መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው፤ ለተማሪዎቹ ወንበር አልነበራቸውም። በጁን መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የደ ጎል ወገን ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ያዘ።

በዚያው ዓመት ኦገስት፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በተካሄደባት ቺካጎ «ይፒ» የተባሉት ወጣቶች አሳማ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርገው አቀረቡ። ፖሊስ ሰልፈኛውን በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ቀጠቀጠው። ከዚያ በኋላ በተሰበሰበው የሕዝብ አስተያየት አብዛኛው አሜሪካዊ የወገነው ለፖሊስ ነበር፤ በኖቬምበርም «ሕግና ሥርዓት ይከበር» ሲል የቀሰቀሰው ኒክሰን ተመረጠ።

ለውጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ በአሜሪካ አላባማ የተደረገውን የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ይመርምር። ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሬን አልለቅም ያለችው ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ በታሰረችበት ዕለት ሌሊት፣ ዲሴምበር 1955፣ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን በምታስተምርበት ኮሌጅ ማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶች አባዛች። ከተሳፋሪው ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ጥቁር ስለነበረ የአውቶቡስ ድርጅቱ ገቢ ወዲያው ደረቀ። ሰው ግን ሥራ ቦታው መድረስ አለበት። ስለዚህ 300 ያህል መኪናዎችና ከ40 የሚበልጡ የመሳፈሪያ ቦታዎች ተደራጁ። የመኪናዎቹ መድን በተደጋጋሚ ሲሰረዝ አዘጋጆቹ ሽፋኑን ከለንደኑ የመድን ገበያ ከሎይድስ ገዙ። ጎን ለጎን በፌደራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ኖቬምበር 13 ቀን 1956 የከተማው አስተዳደር መኪናዎቹን የሚያስቆም የፍርድ ቤት እግድ ሲያወጣ፣ በዚያችው ዕለት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አውቶቡስ ላይ ሰውን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ መሆኑን አጸና። አድማው 381 ቀን ፈጀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያፈነገጠ አለባበስ የለም፤ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ገንዘብ ያዥና ጠበቃ ነው።

ደጋፊ፦ ባልደረባዬ ጥሩ ምሳሌ አመጡ፤ ያመጡበት መንገድ ግን አያዋጣም። የተሳካውን ሁሉ «ሥርዓት ያለው» ብለው ወደ እርስዎ ጓዳ ካስገቡ፣ የከሸፈውን ሁሉ ደግሞ «አፈንጋጭ» ብለው ለእኔ ከተዉልኝ ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ።

ዊል ወደምትባለው የጀርመን መንደር እንሂድ። በራይን ወንዝ ዳር፣ በካይዘርሽቱል የወይን ኮረብታዎች አጠገብ የኑክሌር ማመንጫ ሊሠራ ታቀደ። የወይን ገበሬዎቹ የማቀዝቀዣ ማማው እንፋሎት ፀሐይ ጋርዶ ወይናችንን ያበላሻል ብለው ሰጉ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1975 የግንባታውን ቦታ ያዙ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ አስለቀቃቸው። ፌብሩዋሪ 23 ግን 28 ሺህ ያህል ሰው መጥቶ አጥሩን ጥሶ ገባ። ከገበሬው ጋር የፍራይቡርግ ተማሪ አለ፤ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጋብቻንም ሹመትንም የናቀ ወጣት አለ። ቦታው ለወራት ተያዘ። በእንጨት ቤት ሠርተው «የዊል ደን የሕዝብ ትምህርት ቤት» ብለው ሰየሙትና ስለ ጨረር፣ ስለ ኃይል ፍጆታ፣ ስለ ሕግ ንግግር ያደርጉበት ጀመር። ገበሬው ስለ ማመንጫው አሠራር ከባለሥልጣኑ ጋር እኩል የተከራከረው እዚያ ተምሮ ነው።

አሁን የሕጉን መንገድ ይከተሉልኝ። በ1977 የፍራይቡርግ ፍርድ ቤት የግንባታ ፈቃዱን ሻረ። በ1982 ግን በማንሃይም ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመንጫው ይሠራ አለ። እርስዎ የሚያምኑበት ጠበቃ እዚህ ላይ ተሸነፈ! ማመንጫው ግን አልተሠራም። ተቃውሞው እንደገና ሊነሣ መሆኑን ያየው የግዛቱ መሪ በ1983 «ለጊዜው አያስፈልገንም» ብሎ አቆየው፤ ከዚያም ተረስቶ ቀረ። በዚያው በ1983 ከእንዲህ ያሉ ንቅናቄዎች የተወለደው የአረንጓዴዎች ፓርቲ 5.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ፌደራል ምክር ቤት ገባ። የመጨረሻዎቹ የጀርመን ማመንጫዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ። መዝጋቱ ደግ ነው ክፉ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለውጥ መሆኑን ግን አይክዱኝም።

ተቃዋሚ፦ አልክድም። ነገር ግን ያንን ቦታ ማን ጀመረው? መሬቱ፣ ወይኑና ዕዳው የራሱ የሆነ ገበሬ። ገበሬው ባይኖር ፖሊስ ተማሪዎቹን በአንድ ጠዋት ጠርጎ ያስወጣቸው ነበር።

ደጋፊ፦ ተማሪዎቹ ባይኖሩስ 28 ሺህ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? ደግሞም አፈንጋጮቹ ብቻቸውን የጀመሩት አለ። በቼኮስሎቫኪያ «ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» የሚባል የሮክ ቡድን በ1970 የሙዚቃ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ በየሠርጉና በየጓዳው ተደብቆ መጫወቱን ቀጠለ። በ1976 ታሰሩ፤ በሴፕቴምበር አራት ሰዎች ከ8 እስከ 18 ወር ተፈረደባቸው። ፖለቲከኞች ስላልነበሩ መንግሥት ማን ይጮኽላቸዋል ብሎ ነበር። ፀሐፌ ተውኔቱ ቫክላቭ ሃቬል ግን ችሎቱን ተከታተለና የፈላስፋውንም፣ የቀድሞውን ሚኒስትርም፣ የካህኑንም ፊርማ ወደ አንድ ሰነድ ለማምጣት ከሠሩት አንዱ ሆነ። ይህ ነው ጃንዋሪ 1977 የወጣው ቻርተር 77።

ብልሃቱ ቀላል ነው። ኦክቶበር 1976 መንግሥት የፈረመውን ዓለም አቀፍ የመብት ስምምነት በራሱ የሕግ መድበል አሳትሞ ነበር፤ ቻርተሩ «የራስህን ሕግ አክብር» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀም። ማኅበር አይደለንም ስላሉ የሚታገድ ማኅበር አልነበረም። ሦስት ቃል አቀባዮች ነበሯቸው፤ አንዱ ሲታሰር ሌላ ይተካል። ጽሑፉ በታይፕ፣ በስስ ወረቀትና በካርቦን ይባዛል፤ አንድ ጊዜ ሲመታ የሚነበብ ቅጂ የሚወጣው አሥር ያህል ስለሆነ የደረሰው ሰው እንደገና መምታት ነበረበት። ሃቬል ዲሴምበር 29 ቀን 1989 ፕሬዚዳንት ሆነ።

ተቃዋሚ፦ በመካከሉ ያሉትን ነገሮች ዘለሏቸው። በ1968 የሶቪየት ታንክ ቼኮስሎቫኪያ ገባ፤ በ1989 አልገባም፤ ልዩነቱ ሞስኮ ውስጥ ጎርባቾቭ መቀመጡ ነው። ኖቬምበር 27 ቀን ደግሞ ሀገሩ በሙሉ ለሁለት ሰዓት ሥራ አቆመ። እንደገና ሠራተኛው!

በነጻ ሀገር የሚሆነውን እንይ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2011 ኒውዮርክ ውስጥ ዙኮቲ ፓርክ የሀብት ልዩነትን በሚቃወሙ ሰልፈኞች ተያዘ፤ «እኛ 99 በመቶዎቹ ነን» ተባለ። ድምፅ ማጉያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የተናጋሪውን ዓረፍተ ነገር ሕዝቡ እየተቀበለ ያስተጋባ ነበር፤ ያምራል፤ ስብሰባውን ግን በእጥፍ ያስረዝመዋል። ሁሉም ካልተስማማ ከአሥር ዘጠኙ እጅ ማውጣት አለበት። በዚህ አሠራር ጥቂት እምቢተኞች ውሳኔን ያግዳሉ፤ ስብሰባው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ልጅ ያለውና የማታ ሥራ ያለው ወደ ቤቱ ይሄድና ጊዜ የተረፈው ይወስናል። የከበሮ መቺዎቹ ሰዓት ጉዳይ እንኳ ብርቱ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ግልጽ ጥያቄ ሳይወጣ ኖቬምበር 15 ሌሊት ፖሊስ አጸዳው። ማንም ባለሥልጣን እምቢ ማለት እንኳ አላስፈለገውም፤ የተጠየቀ ነገር የለማ!

ደጋፊ፦ ስለ ስብሰባው እውነት ብለዋል። ከዚያ የወጡት ሰዎች ግን ዕዳ እንዴት እንደሚሸጥ አጠኑ። አበዳሪ አልከፈል ያለውን ዕዳ ከመዝገቡ ይሰርዝና ለሰብሳቢ ድርጅቶች ከዋናው በጥቂት ሳንቲም ይሸጠዋል። እነዚህም ከኖቬምበር 2012 ጀምሮ 700 ሺህ ዶላር ገደማ አሰባስበው፣ እንደ ማንኛውም ሰብሳቢ ገበያ ገብተው ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ገዝተው ሰረዙት።

ተቃዋሚ፦ የተማሪ ዕዳ ብቻውን በዚያን ጊዜ አንድ ትሪሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የእርስዎን 32 ሚሊዮን አካፍለው ይዩት።

ደጋፊ፦ በዚያው በኖቬምበር 2012 ኒውዮርክ ውስጥ 200 ያህል የፈጣን ምግብ ሠራተኞች በሰዓት 15 ዶላር ብለው ወጡ። በ2016 ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ ወደዚያ የሚያደርስ ሕግ አወጡ።

ተቃዋሚ፦ የዚያን ዘመቻ ወጪ የቻለው የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር ነው።

ደጋፊ፦ ማኅበሩ ከዚያ በፊትም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ነበረ፤ ገንዘብም ነበረው። ፓርኩ በተያዘ በዓመቱ እንጂ ቀደም ብሎ 15 ዶላር ያላለው ለምንድን ነው? የገቢ ልዩነት የዕለት ወሬ የሆነው ከፓርኩ በኋላ ነው።

ተቃዋሚ፦ ሕግ የወጣው ማኅበሩና ተባባሪ ሕግ አውጪ ባሉበት ግዛት ነው። ወሬው ግን በመላው ሀገር ተወርቷል፤ የፌደራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከጁላይ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው።