መስኮቱና በሩ፦ በሜዴሊን የጭፈራ ሰፈር ማደር

በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ ኤል ፖብላዶ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ፓርኬ ዬራስ በምትባለው ትንሽ መናፈሻ ዙሪያና አጠገቧ ባለው ፕሮቬንሳ ሰፈር የሆቴል ክፍል የሚይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋና ፎቶ አይቶ ነው የሚወስነው። ከ200,000 እስከ 400,000 ፔሶ፣ ማለትም በቅርብ ዓመታት ምንዛሪ ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ፣ ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውኃ፣ ደህና ኢንተርኔትና ቁርስ ያስገኛል። በዚህ ረገድ ሆቴሎቹ ብዙም አይበላለጡም። ሌሊቱን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት፣ በሩ ላይ ደግሞ ማን ምን እንደሚጠየቅ። ቦሌንና ቺቺኒያን የሚያውቅ አበሻ ሁለቱንም በአገር ቤት ልምድ ከገመተ ይሳሳታል።

ከመስኮቱ እንነሣ። ሜዴሊን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ 27 ወይም 28 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 17 ወይም 18፤ ዓመቱን ሙሉ ይኸው ነው። አየሩ እንዲህ ስለሚመች መጠጥ ቤቱም ዳንስ ቤቱም ፊቱን ለመንገድ ከፍቶ ይሠራል። ሆቴሉም ነጠላ መስታወት ያለው ተንሸራታች መስኮት ገጥሞ፣ ኮርኒሱ ላይ ማራገቢያ ሰቅሎ ይበቃዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ማራገቢያ ብቻ ባለበት ክፍል የሚያድር ሰው ሲታፈን መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱ ሲከፈት የመንገዱ ሬጌቶን ሙዚቃ ከነጩኸቱ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ያለው ክፍል መያዝ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ መስኮቱን ዘግቶ ለመተኛት የሚከፈል ዋጋ ነው። ከሁለት ክፍሎች አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ግን ኤሲ ያለው ከሆነ ጠባቡን ይያዙ።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚታደረው። ቺቺኒያ አካባቢ እንቅልፍ የሚነሳው በዚያው ሕንፃ ሥር ወይም አናት ላይ ያለ ናይት ክለብ ነው፤ ምቱ በኮንክሪቱ ውስጥ አልፎ አልጋውን ያርገበግባል። እንግዳው «ክለቡ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ብሎ ከክለቡ የራቀ ፎቅ ከተሰጠው ብዙ ይገላገላል። ሜዴሊን ላይ ፎቅ መራቅ ያን ያህል አይረዳም። ድምፁ ከመንገድ ተነሥቶ በሕንፃዎቹ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ ሰፈሩ ራሱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከታች የሚጮኸው ላይኛው መንገድ ድረስ ይሰማል። ከሦስተኛ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ከመውጣት ይልቅ በዚያው ፎቅ ወደ ሕንፃው ጀርባ መዞር ይሻላል። መጠየቂያው ቃል «ሃቢታሲዮን ኢንቴሪዮር» ነው፤ የውስጥ ክፍል ማለት ነው። ወደ መንገድ የማይከፈት ለማለት ደግሞ «ኬ ኖ ዴ ኣ ላ ካዬ» ይባላል። ክፍሉን ሲይዙ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የሚደርሱበት ቀን ጠዋት ይድገሙት፤ ሻንጣ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ክፍሉን ይዩት። የውስጥ ክፍል የራሱ ጉድለት አለው፦ አንዳንዱ መስኮት የሚከፈተው ብርሃን ወደማያገኝ ጠባብ የአየር ጉድጓድ ነው፤ ከታቹ ወጥ ቤት ካለ ንጋት ላይ የሳህን ድምፅ ይሰማል። እሱ ግን እንደ ባስ፣ ማለትም እንደ ሙዚቃው ወፍራም ምት፣ ሌሊቱን ሙሉ አይዘልቅም።

ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ያየ ሰው በጸጥታው ይታለላል። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ገና እየተጠረገ ነው። በመስኮቱ ወደ ታች ተመልክቶ ተደራርበው የተቀመጡ ወንበሮችና ከግድግዳ የተንጠለጠሉ ስፒከሮች መኖራቸውን ማየት ከማዳመጥ የበለጠ ይነግራል። በጆሮ መድፈኛም ብዙ ተስፋ አይጣል። ስፖንጁ የሰውን ጫጫታና የጥሩምባውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል፤ የባሱን ምት ግን በደንብ አይከለክልም። ባስ ደግሞ በክፍል ጥግ ላይ ስለሚጠራቀም ራስጌን ከጥግ ማራቅ፣ ካልሆነም ትራሱን ወደ ግርጌ ማዞር ይረዳል።

የአገሩ የድምፅ ደንብ ከ2006 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለመኖሪያና ለሆቴል ቀጠና የሌሊቱን ከፍተኛ የድምፅ ወሰን 55 ዴሲቤል፣ ለዳንስ ቤትና መጠጥ ቤት ቀጠና 60 አድርጎታል። ፓርኬ ዬራስ ላይ ግን ሆቴልና ዳንስ ቤት ግድግዳ ስለሚጋሩ ሁለቱ ወሰኖች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሌሊት ለእንግዳ ተቀባዩ ስሞታ ማሰማት ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈራው ለዚህ ነው፤ የጎረቤቱን ስፒከር የማጥፋት ሥልጣን የለውም፤ ባዶ ክፍል ካለው ግን ሊያዛውር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «አስቁሙልኝ» ሳይሆን «አዛውሩኝ» ቢሆን ይሻላል። ከጭፈራው ሳይርቁ መተኛት ለሚፈልጉ ካዬ 10 የሚባለውን መንገድ ተሻግሮ ያለው ማኒላ የተባለ ሰፈር አለ። በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ለፖብላዶ ሜትሮ ጣቢያም ይቀርባል። ከተጠየቅን ምርጫችን እሱ ነው።

ቀኑንም ማስላት ያስፈልጋል። ጭፈራው ሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜ ይጦፋል፤ ዳንስ ቤቶቹ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 4 ሰዓት፣ ይዘልቃሉ። እሑድ ዕረፍት ነው ብሎ መገመት ግን አይቻልም። ከ1983 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ብዙዎቹ በዓላት ወደ ሰኞ ይዞራሉ። ፑዌንቴ፣ ማለትም ድልድይ፣ ይሉታል፤ የዚያ ሳምንት እሑድ ሌሊት ሁለተኛ ቅዳሜ ይሆናል። ነሐሴ ውስጥ የአበባ ፌስቲቫል ሲመጣ ዋጋም ጩኸትም አብረው ይንራሉ። በተቃራኒው የምርጫ ሰሞን ከቅዳሜ ምሽት እስከ ሰኞ ንጋት አልኮል መሸጥ ስለሚከለከል ሰፈሩ ጭር ይላል። እንቅልፍ ላልወሰደው ሰው አንድ ነገር፦ ሜዴሊን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ እናት ጋር ለመደወል የተመቸ ሰዓት።

ሒሳቡ ላይ ብዙ አንቆይም። የክፍሉ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በጎብኚነት ለሚገባና ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ዜጋ አይከፈልም፤ ሆቴሉ ግን የመግቢያ ማኅተሙን ፓስፖርቱ ላይ ማየት አለበት። የማኅተሙን ገጽ ሳያሳዩ ከፍሎ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ 10 በመቶ ጉርሻ ይጨመር እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ አይሆንም ማለት መብት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰርቪስ ቻርጁ ሳይጠየቅ ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። የዶላር የሚመስለው ምልክት እዚያ ፔሶ ነው፤ ዋጋ ዝርዝር ላይ 28,000 ያዩ አይደንግጡ። ኤሌክትሪኩ እንደ አሜሪካ 110 ቮልት፣ ሶኬቱም ጠፍጣፋ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ የፀጉር ማድረቂያ በማስተላለፊያ ቢሰካም በደንብ አይሞቅም።

አሁን ወደ በሩ። በአዲስ አበባ የመካከለኛ ሆቴል በር ላይ የሚፈተሸው ቦርሳ ነው፤ ጥበቃው ብረት ፈልጎ ያሳልፋል። ኤል ፖብላዶ ላይ የሚመዘገበው ሰው ነው። እንግዳው ፓስፖርቱን ይሰጣል፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል፣ ሆቴሉም ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ማታ ጠያቂ፣ ማለትም በሆቴሉ ያልተመዘገበ ሌላ ሰው፣ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የጠያቂውን መታወቂያ ያስመዘግባል፤ አንዳንዱ ሆቴል ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አያስገባም። ብዙ አበሻ ይህን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ምክንያቱን ማወቅ ተገቢ ነው። በ2001 የወጣው ሕግ ቁጥር 679 እና በ2009 የተከተለው ቁጥር 1336 ሆቴሎች ሕፃናትን ለወሲብ ከሚበዘብዙ ቱሪስቶች የመከላከል ግዴታ ጥለውባቸዋል። ሚያዝያ 2024 ላይም አንድ የውጭ ዜጋ በዚያው ሰፈር ሆቴል ውስጥ ከሁለት ታዳጊ ሴት ልጆች ጋር ከተገኘ በኋላ፣ ከንቲባ ፌዴሪኮ ጉቲዬሬዝ በዬራስና በፕሮቬንሳ የወሲብ ንግድን ለጊዜው ከልክለው የመጠጥ ቤቶቹን መዝጊያ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት አውርደውት ነበር። አገር ቤትም ልጆች በሌሊት ሰፈሮች ሲንከራተቱ እናያለን፤ ቦርሳ የሚፈትሸው በር ግን ከማን ጋር እንደገቡ አይጠይቅም። ይህ ያሳስበናል፤ ሊያሳስብም ይገባል።

መዝገቡ እንግዳውንም ይጠብቃል። ስኮፖላሚን የተባለው መድኃኒት መጠጥ ውስጥ ሲገባ ሰውን ያደነዝዛል፣ የሆነውንም ያስረሳል። ጥር 2024 የአሜሪካ ኤምባሲ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በ2023 የመጨረሻ ሁለት ወራት ሜዴሊን ውስጥ ስምንት አሜሪካውያን አጠራጣሪ በሆነ ሁኔታ መሞታቸውን ገልጾ፣ በርካቶቹ ከመተጫጫ መተግበሪያዎች ጋር የተያያዙ እንደሆኑ ጠቅሷል። ጥሩ ሆቴል የጠያቂውን መታወቂያ ይይዝና ሲወጣ ወደ ክፍሉ ደውሎ እንግዳው ደህና መሆኑን ያረጋግጣል። በተመሳሳይ ዋጋ የሚከራይ አፓርታማ እንግዳ ተቀባይ ከሌለው ይህ ሁሉ የለም። ክፍል ሲመርጡ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያለው ጠረጴዛ መኖሩን ያጣሩ።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ የእኛ ቤተሰብ በሩ ላይ የተለየ ችግር አለ። ኮሎምቢያዊ ልጅ ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ በተለምዶ መጀመሪያ የአባቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን። አባት ግርማ ታደሰ፣ እናት ሰናይት በቀለ ቢሆኑ እንግዳ ተቀባዩ «ናሆም ታደሰ በቀለ» የሚል ፓስፖርት ይጠብቃል። የሚቀርብለት ግን ናሆም ግርማ ነው። ታደሰ፣ በቀለ፣ ግርማ፤ ሦስት የማይገናኙ ስሞች ያሏቸው ሁለት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ሕፃን፣ ያውም በዚህ ሰፈር። ሠራተኛው መጠራጠሩ ሕጉ ያዘዘውን መፈጸም ነው፤ መቆጣት ነገሩን ያባብሰዋል። የሁለቱም ወላጆች ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ነገሩን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ በስፓኒሽ ይተርጎም። ልጁን የያዘችው አክስት ወይም አያት ከሆነች የወላጆቹ ፈቃድ በጽሑፍና የፓስፖርታቸው ቅጂ ይታከል። ወረቀቱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣው ቢዘገይም ልጁ የዚያኑ ሌሊት መተኛት አለበት።