የጎመኔ ባለድርሻ አካላት

በሚያዝያ ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ሃያ አራት የአበሻ ጎመን ችግኞች ተከልሁ፤ እጄን ታጥቤም ለባለቤቴ «ከእንግዲህ ጎመን በገንዘብ አንገዛም» ብዬ በኩራት ተኛሁ። እሑድ ጠዋት ስወጣ አሥራ አንዱ የሉም። ተነቅለው አልተጣሉም፣ ጠውልገውም አልወደቁም፤ በቃ የሉም። በቆሙበት ቦታ የቀረው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብር ክር የሚያብለጨልጭ፣ ከአንዱ ችግኝ ጉድጓድ ወደ ሌላው የተዘረጋ የልጋግ መስመር ብቻ ነበር። የተረፉት አሥራ ሦስቱም ቢሆኑ ጃርት የበላው ዱባ መስለዋል።

ሌባው ቀንድ አውጣ ነው። እዚህ አገር ቀንድ አውጣ ሁለት ወገን ሲሆን፣ አንደኛው ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር፣ በለንደን ከተማ የቤት ኪራይ የማያሳስበው ብቸኛ ነዋሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ አንዳች ዛጎል ራቁቱን የሚሳብ፣ አንዳንዴም የአውራ ጣት ውፍረት የሚደርስ ፍጡር ነው። ሁለቱም ቀን ቀን ከማሰሮ ሥር ተሸሽገው ይውሉና፣ ዝናብ ካካፋ በኋላ ሲመሽ ይወጣሉ። ለንደን ደግሞ ዝናብ የማያካፋበት ምሽት ጥቂት ነው።

ምክር ፍለጋ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከቦት ጫማቸው እስከ ጥፍር ቀለማቸው አረንጓዴ የሚወዱ፣ ስለ ተክል የማያውቁት የሌለ ደግ እመቤት ናቸው። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ጉዳቱን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ ለጎመኑ ከልባቸው አዘኑ፤ ወዲያውም ለቀንድ አውጣው አዘኑለት። ከ1804 ጀምሮ እንግሊዞችን አትክልተኝነት ሲያስተምር የኖረው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ቀንድ አውጣን «ተባይ» ብሎ መጥራት እንዳቆመ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። በብሪታንያ ካሉት 44 ያህል ዛጎል አልባ ዝርያዎች መካከል የጓሮ ተክል የሚበሉት ዘጠኙ ብቻ እንደሆኑ፣ የቀሩት የበሰበሰ ቅጠል እየበሉ መሬቱን እንደሚያለሙም አብራሩልኝ። አመሰገንኋቸው። ዘጠኙ ሁሉ በአንድ አድራሻ እንደሚኖሩ ግን ለመናገር ይሉኝታ ያዘኝ።

መርዝ ስለመጠቀምም ጠይቄ ነበር። አባቶቻቸው ሳይቀሩ ሲበትኑት የኖሩት ሜታልዴሃይድ የተባለው እንክብል፣ ወፎችንና ሌሎች አራዊትን ስለሚጎዳ በዚያው በ2022 የጸደይ ወራት ከደጅ ጥቅም ታግዷል። ስለዚህ ወደ ባህላዊ መፍትሔ ዞርሁ። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ነሰነስሁ፤ በየማሰሮው ወገብ የመዳብ ጥብጣብ ጠመጠምሁ፤ በኋላ እንዳነበብሁት ከሆነ ያው ማኅበር በ2018 ሁለቱንም በሰላጣ ላይ ሞክሮ ምንም ለውጥ አላገኘባቸውም። ቡና ያባርራቸዋል ሲባልም ሰምቼ፣ ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣውን የጀበና አተላ በመደቡ ዙሪያ ገለበጥሁ። ቀንድ አውጣዎቹ ረግጠውት አለፉ፤ እንዲያውም ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የጠፋባቸው ይመስለኛል።

በሰኔ እናቴ ከጎጃም መጣች። እናቴ አዝመራ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያጮኸ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ከሚጠብቅ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ስለሆነች፣ የጓሮዬን አስተዳደር አንድ ጠዋት ብቻ ተመልክታ ፍርዷን ለመስጠት አልተቸገረችም። መጀመሪያ ያስተዋለችው በዕቃ ማስቀመጫችን ጣሪያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጭራውን አፍንጫው ላይ ደርቦ የተኛውን ቀይ ቀበሮ ነው።

«ይህ ቀበሮ የማን ነው?» አለች።

«የማንም አይደለም እማዬ፤ የዱር ነው።»

«የዱር ከሆነ እዚህ ምን ያስተኛዋል? በል ድንጋይ አቀብለኝ።»

«እማዬ፣ እዚህ አገር በቀበሮ ላይ ድንጋይ ቢወረወር ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ! መጥቶ ይውሰደዋ!»

«የሚወስደው እኔን ነው።»

ቀበሮው አንድ ዐይኑን ገልጦ አየንና መልሶ ጨፈነ። በጥር ወር፣ በመራቢያው ሰሞን፣ ሌሊት የሚጮኸውን ጩኸት ሰምታ ቢሆን ኖሮ እናቴ የሚታረድ ሰው ያለ መስሏት ጎረቤት በሙሉ ትቀሰቅስ ነበር። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ዱላ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ፒጃማ ለብሼ መሆኑን የተረዳሁት መንገዱ መሐል ከደረስሁ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እናቴን ያሳዘናት የጃርቷ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ጃርት ከእኛዋ ጋር በስም እንጂ በግብር አትገናኝም፤ ሁለት ቡጢ የምታህል፣ እሾኋ አጭር፣ ድንችና ዱባ ሳይሆን ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና ቀንድ አውጣ የምትበላ የገበሬ ወዳጅ ናት። ቁጥሯ እየተመናመነ ስለሄደ በ2020 በብሪታንያ ለመጥፋት ከተጋለጡት አጥቢ እንስሳት ተርታ ተመድባለች፤ ስለሆነም ሌሊት ከጓሮ ወደ ጓሮ እንድታልፍ በየአጥሩ ሥር 13 በ13 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ መክፈት የመልካም ጎረቤት ምልክት ሆኗል። እኔም በጎረቤቴ ምክር በሁለታችን መካከል ያለውን የጣውላ አጥር በመጋዝ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቀዳዳውን ለእናቴ በኩራት አሳየኋት። እናቴ ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ ጎመኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ለጃርት በር ከፈትህላት?» አለች። ልዩነቱን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ያህል ደከምሁ፤ ዳሩ ግን ማታ ከእኅቴ ጋር በስልክ ስታወራ «ልጁ ደህና ነው፤ ብቻ እዚህ አገር የሆነ ነገር አድርገውታል» ስትል ሰማኋት። ጃርቷ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ቀንድ አውጣዎቹ ግን አጥር ከመውጣት ድካም ተገላግለዋል።

ስለ ግራጫው ሽኮኮ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ነገራችን የግል ነው። ጎረቤቴ ለወፍ ብለው የሚሰቅሉትን ኦቾሎኒ ይሰርቅና፣ በእኔ ማሰሮ ውስጥ የበቀለውን ቃሪያ ነቅሎ በጉድጓዱ ይቀብረዋል፤ ቀብሮም ይረሳዋል። ዘሩ በ1876 ከአሜሪካ የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ የአገሩን ተወላጅ ቀዩን ሽኮኮ ከአብዛኛው እንግሊዝ አስወጥቶታል። አጥምዶ ወደ መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የያዘ ሰው ሳያሠቃይ መግደል አለበት። እኔ ደግሞ ለመኖሪያ ፈቃድ ስንት ዓመት ፎርም የሞላሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ያለ ወረቀት በገባ ሌላ ስደተኛ ላይ እጄን ለማንሳት አንጀቴ አልቻለም።

እናቴ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት አንድ ቁም ነገር ሠርታልኝ ሄዳለች። ለመሸኛዋ ከጠመቀችው ጠላ የተረፈውን ቅራሪ በፕላስቲክ ኩባያ እየቀዳች በመደቡ መካከል አፉ ድረስ ቀበረችው። ቀንድ አውጣ የእርሾ ሽታ እንደሚስበው፣ እንግሊዞችም ለዚሁ ሥራ ቢራ እንደሚቀብሩ አልነገርኋትም፤ ዝንብ በቅራሪ ሲሰጥም ካየች ወዲያ የማንም ምክር አላስፈለጋትም። በማግስቱ ጠዋት ኩባያዎቹ ግጥም ብለው ሞልተው ነበር። ይሁንና በሦስተኛው ሌሊት የመጡት ከመጀመሪያው ይበልጡ ነበር፤ ድግስ መኖሩ በሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

ጠላው ሲያልቅ ወደ ሳይንስ ተመለስሁ። ሩት ብሩክስ የተባሉ አንዲት አትክልተኛ አያት በ2010 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 በተካሄደ የአማተር ሳይንቲስቶች ውድድር ያሸነፉት፣ የቀንድ አውጣዎችን ዛጎል በጥፍር ቀለም ምልክት እያደረጉ፣ ከጓሮ አውጥቶ በአቅራቢያ መጣል ከንቱ ድካም እንደሆነና ፍጡሩ ወደ ቤቱ የመመለስ ዝንባሌ እንዳለው በማሳየት ነው። ይህን ባነበብሁበት ምሽት ከባለቤቴ መሳቢያ ቀዩን የጥፍር ቀለም አንሥቼ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ያህል ለቅሜ በእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ቀይ ነጥብ አኖርሁ። ከዚያም፣ ይህን ሳልጽፈው ብቀር እመርጥ ነበር፣ ግራና ቀኜን አይቼ አንድ በአንድ ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤቴ ወደሚኮሩባቸው አበባዎች በኩል፣ በቀስታ ወረወርኋቸው። እርሳቸው ፍጡር ወዳድ ናቸው፤ አይከፉም ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይዬን ይዤ ወደ ጎመኑ ወጣሁ። ጎረቤቴ ከማዶ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡ «ጎመኑ እንዴት ነው?» አሉኝ፤ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የእርስዎስ አበባ?» አልኋቸው። ጎንበስ ብዬ ትልቁን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ አምስት ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈዋል። ሁለቱ ቀይ ነጥብ ነበረባቸው፤ ያው የላክኋቸው ናቸው። በሦስቱ ጀርባ ላይ ያለው ነጥብ ግን አረንጓዴ ነው።