ለፎር ሉፕ አርበኞች የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን፣ አር በሚባለው የዳታ መተንተኛ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ስክሪፕት ሳታዩት አልቀራችሁም። ያው የምታውቁት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ረድፍ፣ አንድ ፎር ሉፕ (ያንኑ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ረድፍ በየተራ የሚደጋግም)፣ ውስጡ ኢፍና ኤልስ። ነጥቡ ከ50 በታች ከሆነ «ወደቀ»፣ ካልሆነ «አለፈ»። እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ቋንቋው ዓምዱን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ከ50 ጋር ማወዳደር ይችላል፤ አርበኛችን ግን እያንዳንዱን ቁጥር በየተራ አስጠርቶ፣ ጤንነቱን ጠይቆ ነው የሚያሳልፈው።

መቼም አይፈረድበትም። ኢፍ የሚቀበለው አንድ እውነት ወይም አንድ ሐሰት ብቻ ነው። ድሮ ቬክተር (በተራ የተደረደሩ እሴቶች) ሲሰጡት የመጀመሪያዋን ብቻ አይቶ በሁሉም ላይ ይፈርድ ነበር፤ ከአር ሥሪት 4.2.0 ወዲህ ስህተት ብሎ ይቆማል። ታዲያ ዓምዱን በሙሉ በአንዴ የምትዳኝ ኢፍኤልስ የምትባል ፋንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) ከመፈለግ ሉፕ መጻፍ ይቀላል።

ውጤቱን የሚያከማችበት መንገድማ ሐውልት ይገባዋል። ባዶ ቬክተር ይይዝና በየዙሩ ሲ በምትባል ማጣመሪያ ፋንክሽን አንዲት እሴት ይቀጥልበታል። አር በየዙሩ አዲስ ቦታ ይዞ የነበረውን ሁሉ ይገለብጣል። ማንኪያ በገዛ ቁጥር ቤት የሚቀይር ሰው አስቡ። ማንኪያ ገዛ፤ አልጋው ተፈታ፣ ቁም ሣጥኑ ተጫነ፣ በአንድ ማንኪያ የምትሰፋ ቤት ተከራየ፣ ዕቃው ወረደ። በማግስቱ ሁለተኛ ማንኪያ፤ አልጋው እንደገና ተፈታ። በሦስተኛው ቀን ተሸካሚዎቹ በስሙ ይጠሩታል። ሚሊዮነኛዋ ማንኪያ ስትገባ ሰውየው በድምሩ 500 ቢሊዮን ገደማ ማንኪያ አጓጉዟል፤ ምግቡ ገና አልቀረበም። አስቀድሞ ካራክተር በሚለው ፋንክሽን የሚሊዮን ቦታ ቢይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ሸክም ባልኖረ።

ሳፕላይ (ሌላ ፋንክሽንን በእያንዳንዱ እሴት ላይ የሚጠራ) ጽፈው «ቬክተራይዝ አደረግሁት»፣ ማለትም «ሁሉንም በአንዴ አሠራሁት» የሚሉትንም አንርሳ። ፋንክሽኑ አሁንም በየረድፉ ይጠራል፤ ሉፑ ሱፍ ለበሰ እንጂ አልተለወጠም።

ሰባት ደረጃ ለመስጠት ስድስት ኢፍኤልስ አንዱን በአንዱ ሆድ የሚከቱት ደግሞ ቅንፍ ሲዘጉ ያምራሉ። ፋይንድኢንተርቫል የሚባለው ፋንክሽን ስድስቱን የደረጃ ወሰኖች ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 6 ይመልሳል፤ 1 ደምሮ ከደረጃዎቹ ቬክተር መጥቀስ ነው። (ከት የሚባለውን መመደቢያ ፋንክሽን የምትመርጡ፣ ራይት የሚባለውን ምርጫ ፎልስ (ሐሰት) ካላደረጋችሁ ወሰኑ 90 ሲሆን ልክ 90 ያመጣው ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል።) ቀንን በኢፍኤልስ ያሳለፈማ 2024 ጃንዋሪ 1ን 19723 ሆኖ ያገኘዋል፤ የቀንነት ምልክቱ እዚያው ይቀራልና። ዳታ.ቴብል በሚባለው ፓኬጅ ያለው ፊፍኤልስ ይጠብቅለት ነበር።

አንድ ነገር ግን አያስቅም። ሉፑ ኤንኤ (የጎደለ እሴት) ሲያገኝ ኢፍ ስህተት ብሎ ይቆማል። አርበኛው ምን ያደርጋል? ኤንኤውን ሁሉ 0 ያደርገዋል። ያልተፈተነ ሰው «ወደቀ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ውሸት ነው፣ ያውም በሰው ስም ላይ! ኢፍኤልስ ኤንኤን ኤንኤ ብሎ ይተወው ነበር።

ለማንኛውም ድምፃችሁን ቀንሱ። ሉፑ ረድፍ 412,306 ላይ ነው።