አይጠየፍ የይለፍ ቃል

የአውሮፕላን አብራሪነት የሚማረው የእህቴ ልጅ ለበዓል መጥቶ ኮምቦልቻ አረፈና ዳገቱን በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ ገባ። ቡና ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ሶፍትዌር ሲያጫውተን አንጀቴን በላው። ምስኪን ልጅ፤ ሰው ሰውን በማያምንበት ቦታ ነው የሚያድገው።

እዚያ ሁሉም የየራሱ አካውንት አለው። ተማሪው የበረራ ቀጠሮ ይይዛል እንጂ የበረረበትን ሰዓት ራሱ አያጸድቅም፤ ይህ የአስተማሪው ሥልጣን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ዕዳውን ታያለች፣ የበረራ መዝገቡን ግን አትነካም። መካኒኩ አንዱን አውሮፕላን «አይነሣም» ብሎ ከዘጋው ለማንም አይያዝም። የጤና ምስክር ወረቀቱ ቀን ያለፈበት ተማሪ ቀጠሮ ልያዝ ቢል ሶፍትዌሩ ይከለክለዋል። ማን፣ ምን፣ መቼ እንደቀየረ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። እንዲህ ዓይነቱን ነገረኛ መዝገብ ሰፈራችን ውስጥ እንኳ አላየሁም!

ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት 200 ሰዓት፣ በጸደቀ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ 150 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። ልጁ ይህን ሰዓት አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን ከምሳ መልስ ተቀምጠን እንሞላለት ነበር።

እኛ 14 ሠራተኞች ነን፤ አካውንታችን ግን አንድ ነው። የይለፍ ቃሉ ከ1 እስከ 6 የሚቆጠር ሲሆን ማንም እንዳይቸገር ከቀን መቁጠሪያው ሥር በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ደሴ አይጠየፍን ያሠሩት ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም በአንድ አዳራሽ ገብቶ ግብር እንዲበላ ነበር። የእኛም የይለፍ ቃል ማንንም አይጠየፍም። ጥበቃው ያውቀዋል፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ታውቀዋለች፣ ወረፋ የሰለቸው ባለጉዳይም በመስኮት አሻግሮ ያነበዋል። አዲስ ሠራተኛ የባልደረቦቹን ስም ሳይለይ በአቦል ይነገረዋል፤ በረካ ሲደርስ ለባለቤቱ ደውሎ ነግሯታል።

የይለፍ ቃል በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኮምፒውተር ላይ ሥራ እንደጀመረ ይነገራል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት ያነሰው አንድ የዶክትሬት ተማሪ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል በዘዴ አሳትሞ ወሰደ። ይህን ያህል መድከም! ደሴ ፒያሳ እኛ ቢሮ መጥቶ ቢሆን ቀና ብሎ ግድግዳውን ማየት ይበቃው ነበር።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ስለ ሰዓት ማስተካከያ ያነሣል። አብራሪዎች ዙሉ በሚሉት፣ ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት ስለሚሠሩ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነርሱ 6 ሰዓት ነው፤ አንዱ ስቶ ካስተካከለው ቀጠሮው ሁሉ ይዛባል። እኛ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለብንም። ኮምፒውተራችን ከካርቶኑ ሲወጣ በምዕራብ አሜሪካ ሰዓት ነበር፣ አሁንም እዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት የመጣ ባለጉዳይ እሑድ ማታ እንደመጣ ይመዘገባል። ከበላይ የመጡ ተቆጣጣሪዎች መዝገቡን አይተው በሰንበት ማታ ሳይቀር እንደምንሠራ ስላወቁ አመስግነውን ሄዱ።

«ጋሼ፣ ስሕተት ሲገኝ ታዲያ ማን ይጠየቃል?» አለኝ ልጁ።

ማን ይጠየቃል! የአካውንቱ ባለቤት ነዋ። እርሳቸው በጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስማቸውን ለማንሣት ግን ማን ይጨክናል? ዛሬም ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁላችን በኋላ ይወጣሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ሠርተው አያውቁም።

ባለፈው ወር ለአንድ የግል ጉዳያቸው ማመልከቻ አስገብተው ነበርና ውጤቱን ሊጠይቁ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ወጣቷ ጸሐፊያችን ብድግ ብላ አስቀመጠቻቸው፤ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ አነበበች፣ አንገቷን ደፋች።

«አባባ፣ ውድቅ ተደርጓል።»

«ማን ነው ያደረገው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መቱ። «ይግባኝ የሚባለውስ ለማን ነው?»

ልጅቱ እንደገና ዝቅ ብላ አነበበች። «እሱም ለእርስዎ ነው፣ አባባ።»