ጎጃም ላይ መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት

ታብሌት ይዞ ወደ ጎጃም ገጠር የሚወርደው አጥኚ ብዙ ነው፣ የማህበረሰብ ጤና ዳሰሳ እየተባለ ሰዉ ከአጨዳው ከአረሙ ተጠርቶ ሰዓት ሙሉ ይጠየቃል፣ ግን መጠይቁ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ቴሲስ ተገልብጦ የመጣ ነው። ምን ማወቅ እንደፈለግን ሳንወስን ይሄን ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደረድራለን?

መጠየቅ ያለበት እኮ ፊታችን ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በተሰራው የሀገሪቱ የስነ ሕዝብና ጤና ሰርቬይ አማራ ክልል ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ህፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ፣ በሀገር ደረጃ ደሞ 38። ጎጃም ጤፉም በቆሎውም ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። ታዲያ ጎተራው ሞልቶ ልጁ ለምን ይቀነጭራል? ወተቱና እንቁላሉ ገበያ እየወጣ ነው ወይስ ተቅማጡ እየተመላለሰበት? ጥናት የሚነሳው ከዚህ ነው፣ "በእንትን ወረዳ የስርዓተ ምግብ ሁኔታና ተያያዥ ምክንያቶች" ከሚል ርዕስ አይደለም።

ጊዜውንም አስቡበት። የሴቶችን አመጋገብ ለመለካት የተለመደው ትናንት ቀንና ሌሊት የበላችውን ጠይቆ ከ10 የምግብ ምድቦች 5 እና ከዛ በላይ ማግኘቷን ማየት ነው። ይሄንን ሁዳዴ ላይ ብትጠይቋት ወተት የለ እንቁላል የለ ስጋ የለ፣ ሽሮና ጎመን ነው የምትላችሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደሞ ረቡዕና አርብም ስለማይጾም መልሷ ሌላ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ አመጋገቧ ይሄ ነው ማለት ስህተት ነው፣ በጾምም በፍስክም መጠየቅ፣ በጀት ካልበቃ እንኳ የተጠየቀችበት ቀን ጾም መሆን አለመሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል።

ሽንት ቤትስ? ስትቀሰቅስ የከረመችው የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ራሷ መጥታ "ትጠቀማላችሁ?" ስትል ማን አይ ይላታል! ይሄ በአፍ ሳይሆን በአይን የሚጠየቅ ነው፣ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ተረግጧል ወይስ ሳር በቅሎበታል፣ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ አለ ወይ፣ ሳሙና ወይ አመድ ጎኑ ተቀምጧል ወይ። የወሊድ መከላከያንም ባልና አማት ምድጃ ዳር ተቀምጠው አትጠይቁ፣ ተደብቃ መርፌ የምትወጋ ሴት እውነቱን አትነግራችሁም።

"ባለፉት 2 ሳምንታት ልጁን አስቀምጦታል?" የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እናትየዋ 2 ሳምንት ቆጥራ ላታስታውስ ትችላለች። ቀኑ 26 ከሆነ "ከሚካኤል ወዲህ" በሏት፣ ወዲያው ታስታውሳለች። አስቀምጦታል ስትልም በቀን 3 ጊዜና ከዛ በላይ ቀጭን ሆኖ መሆኑን አጣሩ።

እነዚህን ቢሮ ቁጭ ብሎ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ መጠይቁ ናሙና ውስጥ የሌለ ቀበሌ ላይ መጀመሪያ ይሞከር፣ እናቶቹ ግራ የገባቸው ጥያቄ ይስተካከል ወይ ይውጣ። ውጤቱም ጆርናል ላይ ብቻ አይቅር፣ እዛው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነበብ፣ ልክ አይደለም የሚል ካለ ሪፖርቱ ሳይዘጋ ይናገር።