ናፍቆት በካርቶን

መቼም ዘንድሮ እናቱን ሳያስደነግጥ አገር ቤት የሚገባ ልጅ፣ ወይ ካሜራ የሚይዝለት ጓደኛ የለውም፣ ወይ ፍቅር የለውም። ሦስተኛ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ስልካችሁን ከፍታችሁ አውራ ጣታችሁን ሁለቴ ካንሸራተታችሁ አንዲት እናት ስትጮህ ታገኛላችሁ። በር ይከፈታል፣ ዓመታት የጠፋ ልጅ ብቅ ይላል፣ እናት እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ክራር ይገባል። ከሥሩ «ሳያለቅሱ ማየት አይቻልም» የሚል ጽሑፍ አለ። እውነት ነው፣ አይቻልም።

ታዲያ እነዚህን የሰርፕራይዝ ባለሙያዎች የሚያማ ሰው በዝቷል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። ውለታቸው አልታወቀላቸውም።

በመጀመሪያ ያንን አሰልቺ የድሮ አቀባበል አስቀሩልን። ታስታውሱ እንደሆን፣ ድሮ ልጅ ሊመጣ ሲል ቀኑን ያሳውቅ ነበር። እናት ከወር በፊት ሽር ጉድ ትጀምራለች። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ሳሎኑ ቀለም ይቀባል። ቡና ላይ «ልጄ ሊመጣ ነው»፣ ማኅበር ላይ «ልጄ ሊመጣ ነው»፣ ጉልት ሽንኩርት እየመረጠች «ይሄን ተለቅ ያለውን ስጪኝ፣ ልጄ ሊመጣ ነው»። ዕለቱ ሲደርስ ሚኒባስ ተከራይተው፣ አበባ ይዘው፣ ቦሌ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ አጎት አይጠፋም፣ ሻንጣ የሚገፋ ወንድ ባየ ቁጥር «ያውና!» የሚል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ብክነት ነው። አንድ ወር ሙሉ መደሰት ምን ይባላል? ያውም ማንም ሳያይ! አሁን እድሜ ለሰርፕራይዝ፣ እናት ያንን ሁሉ ደስታ ጠቅለል አድርጋ በአሥራ አምስት ሰከንድ ትጨርሰዋለች። የተረፈውን እኛ እንካፈለዋለን።

የኔ ተወዳጅ ግን በቅርቡ እኛ ሰፈር የተሠራው ነው። ስም አልጠራም። እናትየውን በጣም ነው የማከብራቸው፣ እትዬ ብያቸው ልለፍ።

የእትዬ ትልቁ ልጅ ስምንት ዓመት አሜሪካ ቆይቶ ገባ። ከታናሽ ወንድሙና ካሜራ ከሚይዘው ጓደኛው በቀር ማንም አላወቀም። ሌሊት አረፈና ቦሌ አካባቢ ሆቴል ያዘ። ልብ በሉ፣ ስምንት ዓመት ያላያቸው እናቱ በታክሲ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ተኝተዋል። እሱ ሆቴል ውስጥ ተጋድሞ፣ ለቀረጻ የሚመች ብርሃን እስኪወጣ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይገኛል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ የትልቅ ፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ገባ። ካርቶኑ በፕላስተር ታሸገ፣ ቀይ ሪባን ታሰረበት፣ ጎኑ ላይ ለትንፋሽ ቀዳዳ ተበሳለት። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ሰፈራችን መጣ።

እቅዱ እንከን የለውም። የተረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ጫኝና አውራጆች። እነዚህ ልጆች እንኳን ፍሪጅ፣ ትራስ ይዞ የሚገባን ሰው አያልፉም። አይሱዙዋ ገና ሳትቆም ከበቧት። ዋጋ ተጠራ። ወንድምየው «እኛው እናወርደዋለን» ቢላቸው «አትነካትም!» አሉት። ክርክሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ፍሪጁ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። በስንት ልመና ተስማምተው ሲያነሱት ደግሞ አንደኛው «ይሄ ነገር ባዶ አይደለም፣ ይከብዳል» ብሎ ሒሳብ አስጨመረ። ካርቶኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተስሏል። እነሱ ስንት ፍሪጅ ያወረዱ ሰዎች ናቸው፣ ቀስት አይመራቸውም። ከአሜሪካ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው የመጨረሻዋን ሃምሳ ሜትር በአፍጢሙ ተጓዘ።

እትዬ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ትልቁ ልጅሽ ከአሜሪካ የላከልሽ ፍሪጅ ነው፣ እማዬ!»

«ፍሪጅ ምን ያደርግልኛል? ያለውም መብራት እየጠፋ ቁም ሳጥን ሆኖ ነው የሚውለው።»

«ክፈቺው እስቲ!»

«አልከፍተውም።»

«ለምን?»

«ልጄ ሲመጣ እሱ ነው የሚከፍተው። እስከዚያ እንደታሸገ ይቀመጥልኝ።»

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ካሜራውን ያጠፋል። ካርቶኑን ቀድዶ ወጥቶ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበር። ከዚህ ንግግር በኋላ ምን የሚቀረጽ ነገር ቀረ? ባለሙያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረበሽም። በስክሪፕቱ መሠረት ካርቶኑን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ልመናው ቀጠለ።

እትዬ ትንሽ ለዘብ አሉ። ግን ዕቃ ሳይመረቅ አይከፈትም። ጎረቤት ተጠራ። ቡና ተቆላ። ፈንዲሻ መጣ። ጠበል ያላቸው አንዲት እናት ከቤታቸው በጠርሙስ ይዘው መጥተው ካርቶኑን ዙሪያውን ረጩት፤ በተለይ ቀዳዳዋን አዳረሷት። የዕጣኑ ጭስ፣ የሽንኩርቱ ሽታና የቡናው ቁሌት አንድ ላይ ሆነው ሥራቸውን ሠሩ። አንድ ትንሽ ልጅ «ፍሪጁ አስነጠሰው!» ብሎ ጮኸ። እናቱ ቆነጠጠችው። እትዬ ወሬ ላይ ስለነበሩ ዞር ሳይሉ «ይማርህ» አሉ።

ይህን የነገሩኝ ሰዎች በዚህ ሰዓት ልጁ ካርቶን ውስጥ አርባ ደቂቃ ገደማ ሆኖት ነበር ይላሉ። ካሜራ የያዘው ጓደኛ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» ብሎ በምልክት አስታወቀ። ወንድምየው የሽንኩርቱን ቢላ አንስቶ ካርቶኑን መሰንጠቅ ጀመረ። እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ «ቀስ በል! ትጭረዋለህ!»

ካርቶኑ ተከፈተ። ልጁ እጁን ዘርግቶ «እማዬ!» እያለ ሊወጣ ነበር የታሰበው። እግሩ ደንዝዟል፣ በላብ ርሷል፣ ፊቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ስለዚህ አልወጣም፣ ወደቀ። እትዬ ያዩት ልጃቸውን አይደለም። ከፍሪጅ ውስጥ የወደቀ ወንድ ነው ያዩት። ያሰሙት ጩኸት እስከ ዋናው አስፋልት ተሰማ።

ሰፈሩ ደግሞ የጩኸት ትርጉም አንድ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ነጠላዎች ተዘቀዘቁ። «የአሜሪካው ልጅ ነው አሉ» የሚል ወሬ ከታች ሰፈር ተነስቶ ላይ ሰፈር ሳይደርስ እርግጠኛ ሆነ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባውን ፈልጎ አገኘ። ጎረምሶች ድንኳን ሊያመጡ ሄዱ። አንዲት የልጁ ክርስትና እናት ደረታቸውን እየመቱ ገብተው፣ ስሙን እየጠሩ፣ የልጅነቱን ደግነት እያወሱ አለቀሱለት። እሱ አጠገባቸው ቆሞ እግሩን ያፍታታል።

ሁሉም ሲረጋጋ ካሜራማኑ በትህትና አንድ ነገር ጠየቀ። ድምፁ በለቅሶው ስለተበላሸ «እማዬ፣ አንዴ ብቻ ድጋሚ ይደንግጡልን» አለ። ልጁም ወደ ካርቶኑ አመራ። እትዬ ክንዱን ያዙት። «አንተ ደግሞ የት ነው የምትሄደው? ከስተሃል። መጀመሪያ ብላ» አሉት። ልጁ በትንሹ መቶ ኪሎ ይሆናል፤ አራት ጫኝና አውራጆች ይመሰክራሉ።

ያቺ «ከስተሃል» ቪዲዮው ላይ የለችም። ቆርጠዋታል። በእሷ ቦታ ክራር ገብቷል።

ስለ ክራሩም ላመስግን። አዋቂዎች አራት ዋና ቅኝቶች አሉን ይላሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የቪዲዮ አቀናባሪዎቻችን ሦስቱን በጡረታ አሰናብተዋል። ትዝታ የሚዘፈነው አጠገብ ለሌለ ሰው ነበር። አሁን ልጁ እናቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እያለ ትዝታ ይለቀቅበታል። በእልልታው ፋንታ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ሰሞን ልጁ ከቀረጻው በኋላ የሞተ መስሎኝ ነበር።

ተመልካቹም ምስጋናው ይገባዋል። «በእንባ ታጠብኩ»፣ «እናቴን አስታወሰኝ» ብሎ የሚጽፈው ጎረምሳ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። የሚያስታውሳት እናቱ ጓዳ ሆና «እራት ቀርቧል» ብላ ሦስቴ ጠርታዋለች። አልሰማም፤ የሰው እናት እያለቀሰችለት ነው።

አንዳንዶች ታዲያ ባህላችን ነው ይሉኛል፣ ናፍቆት ባህላችን ነው። ባህሉን ካነሳን አይቀር፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናስታውስ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ነው በር የሚንኳኳው። አሜሪካም አውሮፓም ያለው ወገናችን ይህን አልተወም። አገር ቤት እናቱ ያረፈችበት ሰው ስልክ ተደውሎ አይነገረውም። ጓደኞቹ ተጠራርተው፣ ከሥራ ቀርተው፣ በማለዳ ቤቱ ይሄዳሉ። አንዱ ውሃ ይይዛል፣ አንዱ ሰውየውን ይይዛል። የደስታውም ወግ አለው። «የምሥራች!» ይባላል፣ «ምሥር ብላ!» ይመለሳል፣ ከዚያ ነው ወሬው። በዚያች መሀል ልብ ትንሽ ትዘጋጃለች። ድንገተኛ ወሬ ሰው እንደሚጥል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ይህን ያበጁት። የእኛ እናቶች ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፣ ስኳር አለባቸው። መድኃኒቱን የሚልክላቸው ያው ካርቶን ውስጥ ያለው ልጅ ነው።

አንድ ቪዲዮ ግን ቀልዴን ወሰደብኝ። ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ናት። ፌስታል ይዛለች። እነዚህ ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ እናውቃለን። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው አሠሪያቸው እጅ ነው፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርም አገር መግባትም መከራ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ፣ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ የገቡትን አይተናል። ይህችም ልጅ ከእነሱ አትሻልም። እጇ ይንቀጠቀጣል። በር ላይ ደርሳ እናቷን ልታቅፍ ስትል ከካሜራው ጀርባ አንድ የወንድ ድምፅ «ቆይ፣ ቆይ፣ ተመለሽ፣ ድጋሚ ግቢ፣ የእናትሽ ፊት አልታየም» ይላል። ተመለሰች። መታዘዝ ለምዳለቻ! ዓመታት ሙሉ ግቢ ስትባል የገባች፣ ውጪ ስትባል የወጣች ልጅ፣ የገዛ እናቷን ለማቀፍ ከአንድ ስልክ ከያዘ ጎረምሳ ፈቃድ ጠበቀች። ቀጥሎ ማይክራፎን አፏ ላይ ደቅኖ «ምን ተሰማሽ?» አላት። ዝም አለች። «ለተመልካቾቻችን አንድ ነገር በይ እንጂ!» አላት። ያ ሰው ስልኩን ጥሎ ይቅርታ ቢጠይቅ እንኳ ሥራውን ሠርቷል። ለተመልካች የምትለው ምንም ነገር የለባትም። ነውር ነው። ነውር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የእትዬ ልጅ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመልሷል። ሲሄድ ካሜራ አልነበረም፤ መሸኘት ብዙም አይታይም አሉ። ለነገሩ ከመምጣቱ በፊትም በኢሞ የሚደውለው ለበዓል በዓል ነበር። እሁድ እሁድ ቢደውል ይህን ያህል አይናፍቃቸውም፣ ይህን ያህል ካልናፈቃቸው ደግሞ አይጮሁም፣ ካልጮሁ ማን ያይለታል? አርቆ አሳቢ ልጅ ነው።

ዕድራችን ግን ነገሩን ቀላል አድርጎ አላየውም። በወሩ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ድንኳን ተሸክመው የወጡት ጎረምሶች የለስላሳ እንዲከፈላቸው፣ ክፍያውም በፍሪጁ እንዲሸፈን ተጠየቀ። ጸሐፊው «በፍሪጁ ስንል ፍሪጅ የለም፣ በልጁ ማለታችን ነው» ብሎ ቃለ ጉባኤውን አስተካከለ። በመጨረሻም አንድ አዲስ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከእንግዲህ ከአንድ ቤት ጩኸት ሲሰማ፣ ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት አንድ የዕድር አባል ወደ ግቢው ዘልቆ ካሜራ መኖር አለመኖሩን ያጣራል። ካሜራ ከሌለ ድንኳን ይወጣል።