ጀግና የሌለበት ታሪክ ምኑ ይነበባል?

የጆ አበርክሮምቢን «ዘ ፈርስት ሎው» ሦስተኛ መጽሐፍ ሰሞኑን ጨረስኩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የወጣ ምናባዊ ልብወለድ ነው። አስማተኛ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ጦርነት አለ። ጥሩ ሰው ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ጅማ መጽሐፍ የምንዋዋስ ጓደኛሞች አለን። አንዷ ሁለተኛውን ስታጋምስ መለሰችልኝ። «ማንም የማይሻሻልበትን ታሪክ ምን ብዬ ላንብብ?» አለችኝ። ጥያቄዋ መልስ ይገባዋል። መጨረሻውን ስለምናገር፣ ልታነቡት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ሎገን የሚባለው ተዋጊ የተሻለ ሰው መሆን ከልቡ ይፈልጋል። ደሙ ሲፈላ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የገዛ ጓደኛውን ይገድላል። ሎገንና ባልደረቦቹ ኃይል አለው ብለው እስከ ዓለም ዳርቻ ተጉዘው ያመጡት ድንጋይም ተራ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

እኔን የያዘኝ ግሎክታ ነው። ድሮ በሰይፍ ውድድር ያሸነፈ ቆንጆ መኮንን ነበር። ተማርኮ ሁለት ዓመት አሰቃዩት። አሁን እሱ ራሱ መርማሪ ሆኖ ሰው ያሰቃያል። ደረጃ መውጣት ጠላቱ ነው። እግሩን እየጎተተ፣ ጥርስ የረገፈበትን ድዱን እየላሰ ሲወጣ አብረነው እንወጣለን። ላዝንለት ስል ደራሲው እጁ ላይ የወደቀውን እስረኛ ያሳየኛል። ልጠላው ስል ደግሞ ያ ደረጃ ይመጣል።

ባያዝ የሚባለው አስማተኛ ደግሞ ጠቢብ ሽማግሌ መስሎ ይገባል። ኋላ ላይ ሲታይ ንጉሡን ያነገሠው እሱ፣ ከባንኩ ጀርባ ያለውም እሱ ነው። አስማቱ ብቻ ሳይሆን ብድሩም ያስፈራል። ንጉሡ ጀዛል ዘውድ ይደፋል እንጂ አያዝም።

ጅማ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ዛሬም ቆሟል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ከፋ ሲወጋ የእሳቸውም ጦር አብሮ ዘምቷል። በዘመናቸው ሂርማታ ገበያ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር። ግማሹን ብቻ አንስቶ መኩራት ይቀላል። ይህ መጽሐፍ ሰውን በግማሹ አያሳይም፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

እንከን የለውም አልልም። ፌሮ የምትባለዋ ከበቀል ሌላ ብዙ ነገር ሊጻፍላት ይገባ ነበር።

ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር አምልጧታል። አርዲ የምትባል፣ ወንድሟ የመታት፣ ብሶቷን በመጠጥ የምትገፋ ሴት አለች። ከንጉሡ ታረግዝና ነፍሷ አደጋ ላይ ይወድቃል። አግብቶ ከሞት የሚያተርፋት ግሎክታ ነው፣ ያ ሰው አሰቃይ። ማንም አይሻሻልም ከማለቷ በፊት እዚያ ድረስ ብታነብ ደስ ይለኛል። መጽሐፉን አስቀምጬላታለሁ።